የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አዲስ ኩሽኔታ ገብቶለት የሚያፏጭ የጀልባ ሞተር

ጥያቄ፦ በጣና ሐይቅ ሰው የማመላልስባት ጀልባ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር አላት። ከክረምት በኋላ የታችኛው ጊርቦክስ ዘይት ወተት መስሎ ስላገኘሁት አስፈታሁት፤ ዘንጎቹ የሚሽከረከሩባቸውን ኩሽኔታዎች ዝገት ጀማምሯቸው ስለነበር ሁሉንም በአዲስ አስቀየርኩ። ባለሙያው ያስገባቸው በመዶሻና በቱቦ ቁራጭ ነው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ጊርቦክሱ ማፏጨት ጀመረ፤ ድምፁ ወደ ፊት ስሄድም፣ ወደ ኋላ ስመልስም፣ ኒውትራል ላይም አለ። ጥፋቱ የዕቃው ነው ወይስ የአገጣጠሙ? ደግሞም ሲፈታ የወጡ ሁለት ስስ ቀለበቶች ተርፈው እጄ ላይ ናቸው። — አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ በመጨረሻ ከጠቀሱት ነገር ልጀምርና፣ እባክዎ ጊርቦክሱ እንደገና እስኪፈታ ድረስ ሞተሩን አያስነሱት። እነዚያ ስስ ቀለበቶች ሺም የሚባሉት ናቸው። ውፍረታቸው የሚሊሜትር ክፍልፋይ ቢሆንም ጥርሶቹ ከፒኞኑ (ከሞተሩ በሚወርደው ዘንግ ጫፍ ካለው ትንሽ ባለ ጥርስ መዘውር) ጋር በምን ያህል ርቀት እንደሚገናኙ የሚወስኑት እነርሱ ስለሆኑ፣ ሲጎድሉ ጥርስ በመሐሉ መነካቱ ይቀርና በጠርዙ ብቻ እየተነካ ይሸራረፋል፤ ስባሪውም በዘይቱ ውስጥ እየዞረ አዲሶቹን ኩሽኔታዎች ይበላል።

ወደ ፉጨቱ ስንመጣ፣ ድምፁ ኒውትራል ላይም መኖሩ ጥሩ ፍንጭ ነው። በአብዛኞቹ የጀልባ ሞተሮች የወደፊቱም የኋላውም ባለ ጥርስ መዘውር ሁልጊዜ ከፒኞኑ ጋር ተነካክተው ይዞራሉ፤ ማርሽ ሲገባ የሚለወጠው ከመካከላቸው የትኛው የፕሮፔለሩን ዘንግ እንደሚይዝ ብቻ ነው። ስለዚህ የአንዱ ኩሽኔታ መጎዳት በሦስቱም ቦታ ይሰማል። በደብዳቤዎ ብቻ መፍረድ ባይቻልም፣ እኔ ከዕቃው ይልቅ መዶሻውን እጠረጥራለሁ።

ባለ ብይ ኩሽኔታ ወደ ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀው የውጭው ቀለበት ከሆነ ግፊቱ በውጭው ቀለበት ላይ ብቻ ማረፍ አለበት፤ ዘንግ ላይ ሲገባ ደግሞ በውስጠኛው ላይ። የቱቦው ቁራጭ በተሳሳተው ቀለበት ላይ ካረፈ ምቱ በብዮቹ በኩል ያልፍና በሚሽከረከሩበት መንገድ ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይተዋል። ኩሽኔታውን በእጅዎ ይዘው በዝግታ ሲያዞሩት እንደ መንቀርቀብ ካለ፣ በቤንዚን ታጥቦም ካልለቀቀው፣ ያ ኩሽኔታ አብቅቶለታል። በዚያው የተሳሳተ መንገድ ተጎትቶ የወጣም ቢሆን ተመልሶ ሊገባ አይገባም።

ትክክለኛው ረዳት ሙቀት ነው። የጊርቦክሱ አካል አሉሚኒየም፣ ኩሽኔታው ብረት ሲሆን፣ አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ገደማ ይሰፋል፤ 60 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የአሉሚኒየም ቀዳዳ ሙቀቱ በ75 ዲግሪ ሲጨምር ስፋቱ ወደ 0.1 ሚሊሜትር ይጨምራል። ኩሽኔታው በላስቲክ ተጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ ሲያድር ደግሞ በበኩሉ ወደ 0.03 ሚሊሜትር ስለሚሰበሰብ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ብዙ ጊዜ በእጅ ግፊት ብቻ ይገባል። ማሞቂያው የሙቅ አየር መሣሪያ ይሁን፤ አሉሚኒየም ሳይቀላ የሚቀልጥ በመሆኑ የብየዳ እሳት ያታልላል። መለኪያ ከሌለዎት የውሃ ጠብታ ያሳርፉበት። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላልና፣ ጠብታዋ ጢስ ብላ ወዲያው ከጠፋች አካሉ በቂ ሙቀት አግኝቷል። ከማሞቅዎ በፊት ግን ኦይል ሲሎቹ (ዘይት እንዳይወጣ፣ ውሃ እንዳይገባ የሚከለክሉት የላስቲክ ቀለበቶች) መውጣት አለባቸው። ኩሽኔታው ገብቶ እስኪቀዘቅዝ ድረስም ወደ መቀመጫው ተጭኖ ይቆይ፤ አለበለዚያ ትንሽ ተመልሶ ይወጣና ልኩ ይበላሻል።

ባለ መርፌ ኩሽኔታዎቹ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ቁጥር የተጻፈበት ጎናቸው ጠንካራው ስለሆነ መግፊያው የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው፤ በሌላኛው ጎን ከተገፉ ስሱ ከንፈራቸው ይታጠፍና መርፌዎቹን ይቆልፋል። ብዙውን ጊዜ የሚያስቆማቸው እርከን ስለሌለ፣ አሮጌው ከመውጣቱ በፊት ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደገባ በካሊፐር ተለክቶ ይጻፍ። ባለ ሾጣጣ ሮለሩ ደግሞ ከነጽዋው (ከውጭ ቀለበቱ) ጋር ጥንድ ሆኖ ይቀየራል እንጂ አዲሱ ሮለር በአሮጌ ጽዋ ላይ አይቀመጥም።

ሁሉም ከገባ በኋላ ሺሞቹ ወደ ቦታቸው ይመለሱና በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት በመለኪያ ይታይ። ኩሽኔታው አዲስ ስለሆነ የቀድሞው ውፍረት ላይበቃ ወይም ሊበዛ ይችላል፤ የመጨረሻው ዳኛ ለሞተርዎ ሞዴል በአምራቹ መመሪያ የተሰጠው ቁጥር ነው።

ዘይቱን ወተት ያስመሰለው ውሃ በየት እንደገባ ሳይታወቅ ግን ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። በጣና ላይ ፕሮፔለሩን ሲያወልቁ ከኋላው የመረብ ክር ተጠምጥሞ ማግኘት አይገርምም፤ ክሩ በዘንጉ ላይ እየጠበቀ ሲሉን ይቆርጣል። ስለዚህ ሲሎቹ ሁሉ በአዲስ ይቀየሩ፤ ሁለት ሲል ተከታትሎ በሚገባበት ቦታ ከወጡት ሲሎች የከንፈሮቹን አቅጣጫ አይተው ይመዝግቡ። ዘይት ከመሞላቱ በፊት ጊርቦክሱ በእጅ ፓምፕ እስከ 0.7 ባር አየር ተሞልቶ ውሃ ውስጥ ይነከርና አረፋ ይፈለግ። አረፋ ከሌለ ዘይቱን ከታችኛው ቀዳዳ በላይኛው እስኪፈስ ይሙሉት፤ ከመጀመሪያዎቹ 10 የሥራ ሰዓታት በኋላም አፍስሰው መልኩን ይመልከቱ።