ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ልቤ ነው ወይስ ባሕሩ?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 51 ነው። ለሥራ ወደ አንድ ሞቃታማ ደሴት ከመጣሁ ሰባት ወር ሆኖኛል። የደም ግፊት ስላለብኝ በቀን አንድ ጊዜ አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም እወስዳለሁ። ሐኪሜ እንቅስቃሴ እንዳደርግ ስለመከረኝ፣ ጉልበቴም ለእግር ጉዞ ስለማይመቸኝ በየቀኑ ባሕር ውስጥ መዋኘት ጀመርኩ። የምዋኘው ብቻዬን ነው፤ ሞገድ በማይሰበርበት፣ ግራና ቀኙ ነጭ አረፋ ሆኖ መካከሉ ጸጥ ባለ ቦታ። ከሁለት ወር በፊት ወደ ዳር ልመለስ ስል ብዋኝ ብዋኝ መሬቱ አልቀርብ አለኝ። ልቤ በኃይል መታ፤ ትንፋሽ አጠረኝ። በሰርፍ ሰሌዳ ላይ የነበረ አንድ ወጣት ደርሶ አወጣኝ። አሸዋው ላይ ጥቂት ከተቀመጥኩ በኋላ ለቀቀኝ፤ ከዚያ ወዲህም አልተደገመብኝም። ለማንኛውም ብዬ ግን የሥራ ባልደረባዬ ከምትወስደው ፕሮፕራኖሎል ግማሽ ክኒን በየቀኑ ከመግባቴ በፊት እወስዳለሁ። ለዕለታዊ ዋና ጥሩ ቦታ እንዴት ይመረጣል? ውኃው ንጹሕ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ከምግብ በኋላስ ምን ያህል ልጠብቅ?

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ ባሕሩ ነው፤ የፈሩት ግን ልብዎን ነው። ስለ ውኃ ንጽሕና የሚጨነቅ ሰው ከዋና በፊት የሌላ ሰው የልብ መድኃኒት አይውጥም። ስለዚህ ካልጻፉት ጥያቄ ልጀምር። ከደብዳቤዎ እንደምረዳው ያን ቀን ልብዎ አልከዳዎትም። ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ዳር እየዋኘ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው ልቡ ቢደልቅ፣ ትንፋሹ ቢያጥር ተፈጥሯዊ ነው፤ ድንጋጤ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። የልብ ሐኪም የሚያሳስበው ደረትን ጨምድዶ የሚይዝ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ወይም በተቀመጡበት ያለ ምክንያት የሚዛባ የልብ ምት ነው። ከእነዚህ አንዱንም አልጠቀሱም። ዐረፍ ሲሉ ለቀቀዎት፤ ከዚያ በኋላም እየዋኙ አልተደገመብዎትም። ሳልመረምርዎት ቃል ልገባልዎ አልችልም፤ ሆኖም በመጀመሪያ የምጠረጥረው ልብዎን አይደለም።

የምጠረጥረው የመረጡትን ቦታ ነው። «ግራና ቀኙ ነጭ አረፋ ሆኖ መካከሉ ጸጥ ያለ» የሚለው ላይ ስደርስ ደብዳቤዎን እንደገና ከመጀመሪያው አነበብኩት። በባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሁሉ መርጠው ቢፈልጉ ከዚህ የከፋ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞገድ በተሰበረ ቁጥር ውኃ ወደ ዳር ይገፋል። ደሴቱ በኮራል፣ ማለትም ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት በሠሩት ድንጋይ መሰል አጥር፣ የታጠረ ከሆነ ውኃው በኮራሉ አናት ላይ እየፈሰሰ ወደ ውስጥ ይገባና ይጠራቀማል። የገባው ሁሉ መውጣት አለበት፤ የሚወጣውም በኮራሉ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ነው፤ ከሞላ አዳራሽ ሕዝብ በአንዲት በር ሲወጣ እንደሚገፋፋው ማለት ነው። ክፍተቱ ጥልቅ ስለሆነ ሞገድ እዚያ አይሰበርም። ከዳር ቆሞ ለሚያየው እንግዲህ ሌላው ሁሉ እየተናወጠ ያ ቦታ ብቻ ለጥ ያለ ይመስላል። ጠንቀቅ የሚል ሰው፣ ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው፣ ልጅ የያዘ ወላጅ፣ ሁሉም ሞገዱን ሸሽተው ወደዚያው ይሄዳሉ። ሞገዱን መሸሻቸው ባልከፋ፤ የሚሸሹት ግን ወደ ውኃው መውጫ በር ነው።

ይህ ጎታች ጅረት ምልክቶች አሉት። ውኃው ከአካባቢው ጠቆር ይላል። የነጩ አረፋ መስመር እዚያ ላይ ይቋረጣል። አረፋ፣ ቅጠል፣ የባሕር ሣር ወይም የደፈረሰ አሸዋ ወደ ዳር በመምጣት ፈንታ ወደ ውጭ ሲሄድ ይታያል። አንዳንድ ጊዜ የውኃው ገጽ ልክ እንደሚፈላ በጥቃቅኑ ይነቃነቃል። ከዳር ሆነው ዝቅ ብለው ሲያዩት ግን አብዛኛው አይለይም፤ ከፍ ያለ ቦታ ይፈልጉ። ቢያንስ ለሃያ ደቂቃ ይቀመጡና ይመልከቱ፤ ምክንያቱም ትልልቆቹ ሞገዶች የሚመጡት እየተቧደኑ ነው፤ በመካከሉ ባሕሩ ለብዙ ደቂቃ ዝም ሊል ይችላል። ያኔ ደርሶ ልብሱን አውልቆ የሚገባ ሰው ያየው ባሕር ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚዋኝበት ባሕር አይደለም። ጥርጣሬ ካለዎት የሚንሳፈፍ ነገር፣ ቁራጭ እንጨት ወይም ቅጠል፣ ይወርውሩና ወዴት እንደሚሄድ ይዩ። ወደ ባሕሩ ከሄደ እርስዎም ወደዚያው ነዎት።

ሁለት ነገር ያባብሰዋል፦ ትልቅ ሞገድና የሚጎድል ባሕር። ባሕሩ መጉደል ሲጀምር የተጠራቀመው ውኃ ሁሉ በዚያች ክፍተት ለመውጣት ይጣደፋል። ከሙላት እስከ ጉድለት በብዙ ቦታ ስድስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ ሰዓቱም በየቀኑ እየዘገየ ስለሚሄድ፣ ትናንት በዚህ ሰዓት ደኅና የነበረው ቦታ ከሳምንት በኋላ በዚሁ ሰዓት ሊጎትትዎ ይችላል። በአሸዋማ ዳርቻ ክፍተቱ ቦታ ይቀያይራል፤ ኮራል ውስጥ ያለው ግን ቋሚ ነው። ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው ነው። እርስዎም ለሰባት ወር እዚያው ነበሩ።

ስለ ፍጥነቱም ልንገርዎት፤ ራስዎን ደካማ ዋናተኛ አድርገው እንዳይኮንኑ። አብዛኛው ጅረት ቀስ ያለ ነው፤ ነገር ግን በሰከንድ እስከ 2.4 ሜትር የሚደርስ ተለክቷል። ይህ በነጻ ዋና የ50 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት በውድድር ከሚዋኝበት ፍጥነት ጋር ይቀራረባል። ያን ቀን መሬቱ ያልቀረበዎት ስለደከሙ ወይም ስለታመሙ አይደለም፤ ማንም ቢሆን አይቀርበውም ነበር።

ጅረቱ ሰውን ወደ ታች ይስባል የሚለው ወሬ በየዳርቻው አለ። ወደ ታች አይስብም፤ ወደ ውጭ ይወስዳል እንጂ። ሰው የሚሰምጠው ከእሱ ጋር ሲታገል ጉልበቱ ስለሚያልቅ ነው። ከያዘዎት በጀርባዎ ተንሳፍፈው ትንፋሽዎን ይሰብስቡ፤ አንድ እጅዎን ከፍ አድርገው ያሳዩ። ሞገዱ ከሚሰበርበት መስመር ካለፈ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይዳከማል። ጉልበት ካለዎት ከዳርቻው ጎን ለጎን ይዋኙና ከጅረቱ ሲወጡ ብቻ በሰያፍ ወደ ዳር ይመለሱ። በአሸዋማ ዳርቻ ይህ ጥሩ ምክር ነው። በኮራል ክፍተት ግን ግራም ቀኝም ሞገድ የሚፈነዳበት ስለታም ድንጋይ ነው፤ እዚያ ከገቡ በኋላ የሚበጅ ምክር ያንሳል። መፍትሔው ከነጭራሹ እዚያ አለመግባት ነው።

ብዙ ጻፍኩ፤ ገና አልጨረስኩም፤ አሁን ወደ ክኒኑ እመጣለሁ።

ልቤ ሊቆም ነበር ብሎ የፈራ ሰው እንዴት ሁለት ወር ሙሉ ሐኪም ሳያይ ይቀመጣል? በእነዚያ ሁለት ወራት ደግሞ የተገኘው መፍትሔ ከባልደረባ ቦርሳ የወጣ ግማሽ ክኒን ነው። ፕሮፕራኖሎል ባለ 10 ሚሊ ግራምም አለ፣ ባለ 80ም አለ፤ ከየትኛው ግማሽ እንደሚወስዱ እንኳ አልጻፉልኝም፤ የሚያውቁትም አይመስለኝም። መድኃኒቱ የልብ ምትን ያዘገያል፤ ጥቅሙም ይኸው ነው። ነገር ግን ጅረት ሲይዝዎ ልብዎ መፍጠን አለበት፤ እርስዎ ደግሞ ቀድመው እንዳይፈጥን አድርገውታል። ክንድዎ ቶሎ ይዝላል። ከአምሎዲፒን ጋር ሲደመር ግፊትዎ ከሚገባው በታች ሊወርድ፣ ሊያዞርዎትም ይችላል። መሬት ላይ ያዞረው ሰው ይቀመጣል፤ ውኃ ውስጥ ያዞረው ሰው የት ይቀመጣል? አስም ላለበት ደግሞ የአየር ቧንቧን ሊያጠብ ይችላል፤ አስም እንዳለብዎ ወይም እንደሌለብዎ ክኒኑን የሰጠዎት ሰው እንደጠየቀዎት እጠራጠራለሁ።

ታዲያ ዛሬውኑ ይጣሉት ልልዎ እፈልግ ነበር፤ ግን አልልም። ለሁለት ወር በየቀኑ የተወሰደ ፕሮፕራኖሎል በድንገት ሲቋረጥ የልብ ምትና የደም ግፊት ተመልሰው ሊያሻቅቡ ይችላሉ፤ ያኔ ደግሞ ያ የፈሩት ድለቃ በአልጋዎ ላይ ይመጣና ሌላ ክኒን ፍለጋ ይሄዳሉ። በዚህ ሳምንት ውስጥ፣ ከተቻለ ነገ፣ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። እንዴት እንደሚቆም የሚወስነው እሱ ነው። እስከዚያ ባሕር አይግቡ። የደረት ጭምደዳ ወይም ራስን መሳት ቢመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ሐኪሙ ግፊትዎን ተቀምጠውም ቆመውም ይለካል፤ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ያነሳል፤ ካስፈለገው በእንቅስቃሴ ላይ ሆነው ይመረምርዎታል። ብዙ ጊዜ የዚህ ዓይነት ታሪክ ያለው ሰው ምርመራውን በደኅና አልፎ ወደ ዋናው ይመለሳል፤ እርስዎም እንዲመለሱ ነው የምፈልገው። ለደም ግፊትና ለሚያምም ጉልበት ከዋና የተሻለ እንቅስቃሴ ላዝልዎ አልችልም። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በቀን ግማሽ ሰዓት ቢዋኙ ይበቃዎታል። ለብ ያለው የሞቃት አካባቢ ባሕር ቀዝቃዛ ውኃ ሲገቡበት ልብን የሚያስደነግጠውን ዓይነት ድንጋጤ አያመጣም፤ ይህም ለእርስዎ ጥሩ ነው።

ቦታውን ሲመርጡ የመጀመሪያው መለኪያ የነፍስ አድን ሠራተኛ መኖሩ ነው። ቀይና ቢጫ ባንዲራ ተተክሎ ካዩ በሁለቱ መካከል ይዋኙ። ሠራተኛ ከሌለ ዓሣ አጥማጆችን ይጠይቁ፤ «የትኛው ቦታ ያምራል?» ሳይሆን «የትኛው ቦታ ላይ ሰው ይወሰዳል?» ብለው። በሞቃቱ የምድር ክፍል ቋሚው ነፋስ በአብዛኛው ከምሥራቅ ስለሚነፍስ የደሴቱ ምዕራባዊ ጎን ብዙ ጊዜ የረጋ ነው። ብዙ ጊዜ አልኩ እንጂ ሁልጊዜ አላልኩም፤ በሃዋይ የሰሜኑ ዳርቻ በቀዝቃዛው ወቅት፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ገደማ፣ ግዙፍ ሞገድ ይመታዋል፤ በሞቃቱ ወቅት ግን ይረጋል፤ ይህም የሚመጣው በሩቅ ውቅያኖስ ከተነሣ ማዕበል ነው። ወቅቱ ሲለወጥ ቦታዎንም እንደገና ይመርምሩ። ወደ ጥልቁ ሳይሆን ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን፣ እግርዎ መሬት በሚነካበት ጥልቀት ይዋኙ። ነፋሱ ከመበርታቱ በፊት ጠዋት ይሻላል፤ ፀሐይዋም ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ቆዳ ታቃጥላለች። ገና ሳይነጋ ወይም ከመሸ በኋላ ግን አይግቡ።

ብቻዎን መዋኘትም ይቁም። የሚሰምጥ ሰው ይጮኻል ብለው አያስቡ፤ አፉ ከውኃ በላይ የሚሆንበት ጊዜ ለትንፋሽ እንኳ አይበቃም፤ ብዙውን ጊዜ በዝምታ ነው የሚሆነው። በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰው በመስጠም ሞቷል። ጓደኛ ይፈልጉ፤ ደማቅ ቀለም ያለው ቆብ ያድርጉ፤ ከወገብ የሚታሰር ተንሳፋፊ ከረጢትም ይያዙ።

ንጽሕናውን ለማወቅ ሰማዩን ይመልከቱ። ከከባድ ዝናብ በኋላ ወንዝና ቦይ ከየብስ ያጠበውን ሁሉ ወደ ባሕር ያወርዳል፤ የፍሳሽ ቆሻሻ፣ የእንስሳት ሽንት፣ ግንድ ሳይቀር። ውኃው ቡናማ ከሆነ አይግቡ፤ ከዝናቡ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ይጠብቁ። ከወንዝ አፍና ከፍሳሽ መውረጃ ምንጊዜም ይራቁ፤ የወንዝ አፍ በኮራሉ ላይ ክፍተት የሚገኝበትም ቦታ ነውና ሁለት ምክንያት አለዎት። ኮራል ከቧጠጠዎት ስብርባሪው እስኪወጣ በንጹሕ ውኃና በሳሙና አጥብቀው ይታጠቡ፤ ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ ወይም ትኩሳት ካለዎት በዚያው ቀን ይታዩ።

ከምግብ በኋላ ይህን ያህል ደቂቃ ካልጠበቁ ይሰምጣሉ የሚለው መሠረት የለውም። ከባድ ምግብ ከበሉ ይከብድዎታል፤ ያ ብቻ ነው። አልኮል ከጠጡ ግን በዚያ ቀን ባሕሩን ይርሱት።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የሁለቱንም መድኃኒቶች ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ፤ የባልደረባዎንም ጭምር፤ ጥንካሬው የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። ለእሷም አንድ ነገር ይንገሯት፦ በየቀኑ ግማሽ እየሰጠችዎ የራሷ ክኒን ከጊዜው ቀድሞ ካለቀባት፣ በድንገት ማቋረጥ የሚያስከትለው ችግር እሷንም ይመለከታል።