«እኔ እጄን አላነሳሁበትም»

ጤና ይስጥልኝ። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጓደኛዬ ገንዘብ አበድሮት የከዳው ሰው ነበር። ስልክ አያነሳለትም፣ መንገድ ላይ ሲገናኙ ደግሞ ይስቅበታል። ጓደኛዬ ንዴቱን የሚያወራው ለእኔ ነው። እኔም «ለስላሳ ስለሆንክ ነው የናቀህ፣ አንድ ቀን አሳየው» እያልኩ እጽፍለት ነበር። አንድ ማታ «የት ነው የማገኘው?» አለኝ። ሰውየው ከሥራ የሚወጣበትን ሰዓትና የሚያልፍበትን መንገድ አውቅ ስለነበር ነገርኩት። ሞተር ሳይክሌን ሲጠይቀኝም ቁልፉን ሰጠሁት። አስፈራርቶ ገንዘቡን እንዲያስመልስ ነበር የፈለግኩት። እሱ ግን በብረት ደበደበው። ሰውየው ክንዱ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቷል፣ ጓደኛዬም ታስሯል። እኔ በዚያ ሰዓት ቤቴ ነበርኩ። አሁን የጓደኛዬ ታላቅ ወንድም «መልእክቶቹን አጥፋቸው፣ አንተም ትድናለህ፣ ለእሱም ይቀልለታል» እያለ ይወተውተኛል። እውነት እኔም እጠየቃለሁ? ላጥፋቸው?

መልስ

ወንድሜ፣ አታጥፋ። ዛሬም፣ ነገም። ማስረጃ ማጥፋት ብቻውን ሌላ ወንጀል ሊሆንብህ ይችላል። ደግሞ የጻፍክለት ሁሉ እሱ ስልክ ላይም አለ፣ ያ ስልክ ደግሞ ፖሊስ እጅ ከገባ የጎደለው ያንተ በኩል ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ «ለምን አጠፋኸው?» የሚለው ጥያቄ ከመልእክቱ ይብስብሃል።

ትጠየቃለህ ወይ ላልከው፣ አዎ፣ ልትጠየቅ ትችላለህ። ቤትህ መሆንህ አያድንህም። በየአገሩ ሕግ የመታው ሰው ብቻ ሳይሆን ያነሳሳውና የረዳውም ይጠየቃል። የኢትዮጵያ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 36 ላይ ስለ አነሳሽ፣ አንቀጽ 37 ላይ ስለ አባሪ ይናገራል። አባሪ ማለት ነገሩን እያወቀ፣ ወንጀሉ ከመፈጸሙ በፊት ወይም ሲፈጸም በመረጃ፣ በምክር ወይም በዕቃ የረዳ ሰው ነው። የእንግሊዝ ሕግም ከ1861 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የረዳውን እንደ ዋናው አድራጊ እንዲዳኝ ያደርጋል፤ ጀርመን ላይ ደግሞ አነሳሹ እንደ አድራጊው ሲቀጣ የረዳው ቅጣት ይቀልለታል።

ያንተን ሦስት ነገሮች ለየብቻ እያቸው። «አሳየው» ማለትህ በንዴት የተወራ ወሬ ነው ሊባል ይችላል፤ ጓደኛህ ቀድሞ ወስኖ ከነበረም ሐሳቡን ያመነጨኸው አንተ አይደለህም ብሎ መከራከር ይቻላል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሰዓቱና መንገዱ ነው። ሰው «የት ነው የማገኘው?» ብሎ ሲጠይቅህ፣ ያውም ንዴቱን ሁሉ ሲያወራልህ የቆየ ሰው፣ አድራሻ መንገር ተራ ወሬ አይሆንም። ቁልፉ ደግሞ የሚወሰነው ለምን እንደሚፈልገው በማወቅህ ነው። ለዳቦ መግዣ መስሎህ የሰጠኸው ቁልፍና ለዚህ መሆኑን እያወቅክ የሰጠኸው ቁልፍ ለየቅል ናቸው።

«ማስፈራራት ብቻ ነበር የፈለግኩት» ያልከው ይጠቅምሃል፣ ግን የጠበቅከውን ያህል አይደለም። አስፈራርቶ ገንዘብ መቀበልም እኮ ወንጀል ነው! ክርክሩ ከዚያ ባለፈው፣ ማለትም በድብደባው ላይ ነው። በኢትዮጵያ ሕግ አድራጊው ከታሰበው በላይ ከባድ ነገር ቢፈጽም አነሳሹ የሚጠየቀው ባሰበው ወይም ሊገምተው በሚችለው ልክ ነው። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2016 (እ.ኤ.አ.) «ሊሆን እንደሚችል ገምቶ ነበር» ማለት ብቻውን «ፈልጎ ነበር» ማለት እንዳልሆነ፣ ግን ለመፈለጉ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ወስኗል። ስለዚህ ብረቱን አይተኸው ነበር? ይዞት እንደሚሄድ ነግሮህ ነበር? መልሱን ለእኔ አትጻፍልኝ፣ ለወንድሙም አትንገረው። ለጠበቃህ ብቻ ተናገር። ፖሊስ ቀድሞ ከጠራህ ጠበቃ ሳታማክር ቃል አልሰጥም ማለት ትችላለህ። ውሸት ግን አትናገር።

አንድ ነገር ከደብዳቤህ ጎደለብኝ። ስለ ራስህና ስለ ጓደኛህ ብዙ ጻፍክ፣ ክንዱ ስለተሰበረው ሰው ግን አንድ መስመር ብቻ። ይህን የምለው ላሳቅቅህ አይደለም፣ ሌሊት ያስነሳህ እሱም ይመስለኛል። ግን አሁን ሆስፒታል አትሂድ፣ ሽማግሌም አትላክ። ምስክር ለማባበል የመጣህ ይመስላል። ለሕክምናው ልርዳ ካልክ በጠበቃህ በኩል አድርገው።

ነገ ጠዋት ጠበቃ ፈልግ። ስልክህን እንዳለ ይዘህ ሂድ።