ጦጣ ለማሳደግ ፈቃድ ለጠየቅከው ወንድሜ

ወንድም ዓለም፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ዘጌ ጀልባ መውረጃው አካባቢ ልጆች ግልገል ጦጣ እንሽጥልህ ብለውሃል። ገዝተህ ባሕር ዳር ግቢህ ውስጥ ልታሳድጋት፣ ፈቃዱንም ከቀበሌ ልታወጣ አስበሃል። በዚያ ላይ ዱባይ ያለው ወንድምህ ግራጫ በቀቀን ይዞልህ ሊመጣ ነው። «ማን ያይሃል፣ ዝም ብለህ አሳድግ» ያሉህን ሰዎች አትስማ። እኔ በጦጣ ጉዳይ ቢሮ ለቢሮ ተንከራትቻለሁ።

አንደኛ፣ ቀበሌ አትሂድ። የዱር እንስሳ ፈቃድ የቀበሌ ጉዳይ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣውን የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541ን ፈልገህ አንብብ። ደንቡ ቁጥር 163/2000 ነው። የዱር እንስሳ የግል ንብረት አይደለም፤ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው። ያለ ፈቃድ መያዙም መሸጡም ያስጠይቃል። ፈቃድ የሚባል ነገር አለ፤ ግን ለምርምር፣ ለትምህርት፣ ወይም እንደ አርባ ምንጩ የአዞ እርባታ ላለ ሥራ ነው። ቤቱ ውስጥ ለማጫወት ብሎ ጦጣ የተፈቀደለት ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ከቀበሌ «ይታወቅልኝ» የሚል ወረቀት ብታጽፍ ፈቃድ አይሆንህም። ጦጣዋን መያዝህን በራስህ እጅ መሰከርክ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ከልጆቹ አትግዛ። የጦጣ እናት ልጇን ለማንም አትሰጥም፤ ደረቷ ላይ አቅፋት ነው የምትዞረው። ግልገሏ ለብቻዋ ገመድ ታስራ ካየሃት እናቲቱ ወይ ተገድላለች፣ ወይ በድንጋይ ተባርራለች። አንተ ዛሬ ከከፈልክ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ግልገል ይመጣል። ያ አገር ደግሞ ዝም ብሎ ጫካ አይደለም። ጣና ዙሪያው በሙሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭ (ሰውና ተፈጥሮ አብረው የሚኖሩበት ጥብቅ አካባቢ) ተብሎ ተመዝግቧል፤ ዘጌም እዚያው ውስጥ ነው።

ሦስተኛው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ምክንያቱም የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። ግቢዬ ውስጥ ክፍሎች አከራያለሁ። አንድ ተከራዬ ወንድ ጦጣ ነበረው። ሥራ ተቀይሮ ሲሄድ ጦጣውን ማንጎው ሥር እንደታሰረ ጥሎብኝ ሄደ። ስልኩንም ዘጋ። ጦጣው በግልገልነቱ እንዴት እንደነበር አላውቅም፤ ለእኔ የደረሰኝ ግን የጎረመሰ ነው። ወንድ ጦጣ አምስት ዓመት ገደማ ሲሞላው ጠባዩ ይለወጣል፤ ክራንቻውም ቀልድ አይደለም። የጎረቤቴን ልጅ እጁን ነከሰው። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አጠብንና ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይዘነው ሮጥን። ይህንን ልብ በል፦ እብድ ውሻ በሽታ በውሻ ብቻ አይደለም የሚመጣው። ጦጣም ይይዘዋል፣ ያስተላልፋልም። ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል።

ከዚያ ላስረክበው ብዬ የዱር እንስሳት ጉዳይ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። በሩ ላይ ጥበቃው «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» አለኝ። በሌላ ቀን አንዱ ክፍል ወደ ሌላው ላከኝ፤ ሌላው ደግሞ ወደ መጀመሪያው መለሰኝ። አንዱ «ይዘሽው ነይ» አለኝ። የሚነክስ ጦጣ በባጃጅ! ከሁሉም የከፋው ግን ልጄ የሚሆን ጎረምሳ ነው። ቁጭ በይ እንኳን ሳይለኝ «ማን ፈቅዶልሽ ነው ያሳደግሽው?» አለኝ። «እኔ አላሳደግሁትም፤ ተከራይ ጥሎብኝ ሄዶ ነው» ስለው፣ «ሁሉም እንደዚህ ነው የሚለው፤ ልናስከስስሽ እንችላለን» ብሎ ፊቱን ወደ ስልኩ አዞረ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው። ላስረክብ በእግሬ የሄድኩትን ሴት እንደ አዳኝ ቆጠረኝ። አሁን ሳስታውሰው እንኳን ያንገበግበኛል። ሕግ አክብሮ የመጣን ሰው እንዲህ ካስፈራሩት፣ ቀጣዩ ሰው ጦጣውን ማታ ወስዶ የሆነ ቦታ ይጥለዋል እንጂ ቢሮ አይሄድም።

መላውን የነገረኝ አንድ ጡረታ የወጣ ጎረቤቴ ነው። «በአፍ አትናገሪ፤ ጻፊ» አለኝ። ማመልከቻ በሁለት ኮፒ አዘጋጀሁ። እንስሳው እንዴት ግቢዬ እንደገባ፣ ሰው መንከሱን፣ የክትባቱን ወረቀት፣ ጦጣው ታስሮ የሚያሳይ ፎቶ፣ ሁሉንም አያያዝኩ። ወደ ባለሙያው ክፍል አልገባሁም። በቀጥታ መዝገብ ቤት ሄጄ ገቢ አስደረግሁና ቀሪዬ ላይ ማኅተም፣ ቀንና ቁጥር አስመታሁ። ወንድሜ፣ ያች ቁጥር ሰው አደረገችኝ! ከዚያ በኋላ «የማመልከቻዬ ቁጥር ይኼ ነው፤ ለማን ተመራ?» ብቻ ነበር የምለው። ያ ጎረምሳ እንኳን ወንበር ስቦ ሰጠኝ። በመጨረሻ ባለሙያዎች ሳጥን ይዘው መጡ፤ ያለ ርክክብ ወረቀት አላስወጣም አልኩ፣ ፈርመው ወሰዱት። ወረቀቱ ዛሬም ከቤት ካርታዬ ጋር ተቀምጧል።

በመሃል ብዙ ሰው «ዘጌ ወስደሽ ልቀቂው» ብሎኛል። እምቢ ያልኩት አውቄ ነው። ሰው ያሳደገው ጦጣ የራሱን መንጋ አያውቅም፤ መንጋውም እንግዳውን ይደበድበዋል። ደግሞም ሰው ስለማይፈራ ጀልባ የሚጠብቀው ቱሪስት ላይ ነው የሚወጣው። እንዲህ ያሉትን እንስሳት ተቀብሎ የሚያኖር ቦታ አገራችን ውስጥ አለ፤ ሆለታ አቅራቢያ ያለው፣ ቦርን ፍሪ የሚባለው የዱር እንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት የእንስሳ ኮቴ ማዕከል። ከሕገ ወጥ ንግድና ከሰው ቤት የተወሰዱ አንበሶች፣ አቦሸማኔዎችና ጦጣዎች እዚያ ገብተዋል።

ስለ በቀቀኑ ባጭሩ፦ ወንድምህ እንዳይገዛ ዛሬውኑ ደውልለት። ግራጫው በቀቀን እ.ኤ.አ. በ2016 በተወሰነው መሠረት ሳይተስ በሚባለው፣ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ነው ያለው፤ ጥብቁ ምድብ ማለት ነው። ኢትዮጵያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ናት። ከሚነሳበት አገር የመውጫ ፈቃድ፣ ከእኛው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን የመግቢያ ፈቃድ፣ በዚያ ላይ የእንስሳት ጤና ሰርተፊኬት ያስፈልጋል። ሻጩ «ወረቀት አለው» የሚለው የክትባት ካርዱን ከሆነ ዋጋ የለውም። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ወፉም ይወሰዳል፣ ወንድምህም ይጠየቃል። ወፉ ደግሞ አርባና ሃምሳ ዓመት ሊኖር ይችላል፤ ለማን ልታወርሰው ነው?

አሁን የምታደርገው ይኼ ነው። ልጆቹ ግልገሏን ገና ይዘዋት ከሆነ ቦታውን፣ ቀኑንና ያየኸውን ጽፈህ፣ ፎቶ አያይዘህ የዚያው ቢሮ መዝገብ ቤት ገቢ አድርግ። ቀሪህን ሳታስመታ ከዚያ እንዳትወጣ። ሕፃናት ስለሆኑ ስማቸውን እዚህ እንዳትለጥፍ አደራ። የእኔን ማመልከቻ ግልባጭ በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ፤ አጻጻፉን ብቻ ውሰድና አንተ ያየኸውን ጻፍበት።