«ተዳከመ» ከማለታችሁ በፊት፦ ለወጣት ዘጋቢዎች

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

ረጅም ዘመን የዜና ረቂቅ ሳርም እንደኖረ ሰው፣ በየገጹ ስለሚገጥመኝ «ተዳከመ» ስለሚል ቃል ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

«ደከመ» እና «ተዳከመ» ሥርወ ቃላቸው አንድ ቢሆንም አገልግሎታቸው ይለያያል። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ የዋለ ገበሬ ደከመ ይባላል፤ ሌሊቱን ካረፈ ጉልበቱ ይመለስለታል። ተዳከመ የምንለው ግን፣ ሕመም በጸናበት ሰው ላይ እንደምናየው፣ አቅሙ ጥቂት በጥቂት እየተሟጠጠ የሄደውንና ዕረፍት ብቻውን የማይመልሰውን ነው። ቃሉ ጊዜን አዝሏል፤ ጊዜ ያልወሰደን ነገር በእርሱ መግለጽ አንባቢን ማሳሳት ነው።

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በዚያው ዕለት ወደ 74 ብር ገደማ ወጣ። ውሳኔውን የሚደግፍም የሚቃወምም ይኖራል፤ ነገሩን በ«ብር ተዳከመ» ብቻ የሚያልፍ ዘጋቢ ግን ሰዎች ወስነው የወሰዱትን እርምጃ በራሱ እንደመጣ ዝናብ ያስመስለዋል። በአንጻሩ፣ በዚያው ደመወዝ የሚሸመተው እህል ከወር ወር እያነሰ ሲሄድ፣ የብር የመግዛት አቅም ተዳከመ ማለት የተገባ ነው፤ ከመቼ ወዲህ እንደሆነ እስከጻፋችሁ ድረስ።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ አድራጊው መሰወሩ ነው። «ተቋሙ ተዳክሟል» የሚል ዓረፍተ ነገር በቀረበልኝ ቁጥር ከጎኑ «ማን አዳከመው?» ብዬ እጽፍ ነበር። በጀቱን የቀነሰ፣ ባለሙያዎቹን ያስኮበለለ፣ ሕጉን ሳያስፈጽም የቀረ አካል ካለ «አዳከመ» ብላችሁ ስሙን ጥቀሱ። መንስኤው እርጅና ወይም ድርቅ ከሆነ ደግሞ ያንኑ ተናገሩ፤ ጥፋተኛ ለማግኘት ብላችሁ ሰው አትፍጠሩ።

ቋንቋችንም «ተዳከመ»ን በሚተኩ ቃላት ድሃ አይደለም። ደን ይመናመናል፣ አፈር ይሸረሸራል፣ የኦዞን ሽፋን ይሳሳል፣ ቁጥጥር ይላላል፣ በታላቅ ሆታ የተጀመረ ዘመቻ ይሟሽሻል።

«አቅመ ደካሞች» የሚለውንም ስትጽፉ እባካችሁ ቆም በሉ። በየክረምቱ ቤታቸው የሚታደስላቸው እናቶችና አባቶች በዚህ መጠሪያ ሲጠቃለሉ፣ አቅማቸውን ያሟጠጠው ሥራ፣ ሕመም ወይም የማይበቃ ጡረታ ከዘገባው ይወጣል። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ፣ ሲሠሩ የኖሩትን ሙያና ቤቱ እስከዚያ ድረስ ለምን ሳይጠገን እንደቆየ ከራሳቸው አንደበት ጻፉ።