የድስቱን ጆሮ ነቅንቂ፣ የልብሱን ስፌት ገልብጪ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። በመጪው ጥር ተጋብተን ደብረ ብርሃን ላይ ጎጆ ልንወጣ ነው። ያጠራቀምነው ገንዘብ ብዙ አይደለም። ገበያ ስወጣ ደግሞ ሁሉም ነጋዴ «ይህ ዕድሜ ልክ ያገለግላል» ይለኛል። ድስት፣ ምጣድ፣ ልብስና ጋቢ ስገዛ ምን ምኑን ልይ? በአንድ ካርቶን የታሸገ ሙሉ የድስት ስብስብ መግዛቱስ ያዋጣል?
ሙሽሪት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ። ካርቶኑን ተይው። ከዚያ ሁሉ ድስት ዘወትር እሳት ላይ የሚወጣው አንዱ ወይም ሁለቱ ነው፤ የቀረው ቁም ሣጥን ያጣብባል። በዚያው ገንዘብ አንድ ከባድ ድስት ግዢ።

የእኛ ወጥ የሚለፋው ቁሌቱ ላይ ነው። ሽንኩርቱ ዘይት ሳይነካው ብዙ ቆይቶ ስለሚቁላላ፣ መቀመጫው የሳሳ ድስት መሐሉን አሳርሮ ዳሩን ጥሬ ይተወዋል። የማይዝግ ብረት ከመረጥሽ ገልብጠሽ ከሥር እዪው፤ ሌላ ወፍራም ሳህን ተደርቦበት መታየት አለበት። በመካከሉ የሚገባው አሉሚኒየም ነው፤ ሙቀቱን እኩል የሚያዳርሰው እሱ ነው። 18/10 የሚል ጽሑፍ 18 በመቶ ክሮሚየም፣ 10 በመቶ ኒኬል ማለት ነው። ዝገትን ይቋቋማል፤ ስለ መቀመጫው ውፍረት ግን ምንም አይነግርሽም።

ከዚያ ጆሮውን ይዘሽ ነቅንቂ። ድስት ቀድሞ የሚከዳው በጆሮው ነው። በብሎን የታሰረ ሲላላ ራስሽ ታጠብቂዋለሽ፤ በሁለት ነጥብ ብቻ የተበየደ ግን ትኩስ ወጥ እንደያዘ ሊለቅብሽ ይችላል። ወፍራም የአሉሚኒየም ድስትም አልንቅም፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ያሉ ባለሙያዎች የጎደጎደውን ያቃናሉ፣ የወለቀውን ይመታሉ። ቲማቲም የበዛበት ወጥ ብቻ አታሳድሪበት፣ ኮምጣጣ ነገር አሉሚኒየሙን ይበላዋል። የማያጣብቅ መጥበሻ ከእንቁላል አልፎ ለሌላ አልመክርም። ሽፋኑ በብረት ማንኪያ ይፋቃል፤ ከተፋቀ ደግሞ መመለሻ የለውም።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ነጋዴውን «ሽቦው ሲቃጠል ማን ይቀይርልኛል?» ብለሽ ጠይቂ። መልስ ከሌለው አትግዢ። ሸክላውን በጣትሽ አንኳኪው፤ ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠ ስንጥቅ ይኖረዋል። ቤት ሲገባም በጎመን ዘር በደንብ ሳይሟሽ ሊጥ አይፍሰስበት።

ወደ ልብሱ ልምጣ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በስፌት መኪና ፊት ስለሆነ ልብስ ሳይ እጄ የሚቀድመው ወደ ውስጡ ነው። አንቺም ገልብጪው። ስፌቱን ከግራና ከቀኝ ይዘሽ ሳብ አድርጊው፤ ተከፍቶ ክሩ ከታየሽ መልሰሽ ስቀይው። ብብቱንና የሱሪውን መቀመጫ በተለይ እዪ፣ ልብስ የሚቀደደው እዚያ ነው። ጥሩ ሰፊ የሱሪውን ወገብ ከኋላ ሲሰፋ ትርፍ ጨርቅ ይተውለታል፣ ባለቤቱ ሲወፍር ይለቀቃል። ዛሬ ዛሬ ለጨርቅ ቁጠባ ሲባል ያን ትርፍ ጠርዞ መቁረጥ በዝቷል፤ ይህ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ልብሱ ገና ጤነኛ ሳለ የሚጣለው በዚህ ነው። ሰልባጅ መግዛትም አትፈሪ። ደጋግሞ የታጠበ ልብስ የሚሸበሸበውን ተሸብሽቦ፣ የሚለቀውን ቀለም ለቆ ነው እጅሽ የሚገባው፤ ያየሽውን ታገኛለሽ። አዲሱን ግን ሳታጥቢ አታውቂውም።

ጋቢውን ለመግዛት አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ድረስ ብትወርጂ አይቆጭሽም። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ድርቡን ቁጠሪ፣ ወደ ብርሃንም ዘርጊው፣ ሽመናው አንዱ ጋ ሳስቶ አንዱ ጋ ወፍሮ እንዳይሆን። ጥጥ መሆኑን ከተጠራጠርሽ ከጫፉ አንዲት ክር አስፈቅደሽ ንቀይና ክብሪት ጫሪባት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ ሲነኩት የሚበን አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሽ ክር ቀልጦ ይጠጥራል። ባለ ሱቁ አንዲት ክር ከከለከለሽ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ግቢ።