ላፕቶፕ ሳይዙ የጉዞ ፎቶን ማስቀመጥ

ላፕቶፕ አያስፈልግዎትም። የካሜራዎ ካርድ እየሞላ፣ የሆቴሉ ዋይፋይም እየተንቀራፈፈ ለሚያስቸግርዎ ጉዞ የካርድ ማንበቢያ እና ትንሽ ኤስኤስዲ (ተንቀሳቃሽ የማከማቻ ዲስክ) ይበቃሉ። ሁለቱም በዩኤስቢ-ሲ ከስልክ ጋር ይገናኛሉ፤ ከአይፎን 15 ጀምሮ ያሉት አይፎኖችም ይህን ይቀበላሉ።

1. ማታ ማታ የዕለቱን ፎቶዎች ከካርዱ ወደ ስልክ፣ ከስልኩ ወደ ኤስኤስዲው ይገልብጡ። ስልክዎ ዲስኩን ማንበቡን ከመነሳትዎ በፊት ይሞክሩ እንጂ አውሮፕላን ማረፊያ እስኪደርሱ አይጠብቁ።
2. ከተገለበጡት ሦስት አራቱን ከፍተው ይመልከቱ። የፋይሉ ስም መታየቱ ብቻ ምንም አያረጋግጥም።
3. የሞላውን ካርድ አያጥፉ፤ በሌላ ይተኩት። ካርዱ ኪስዎ ውስጥ ከሆነ ዲስኩ ሻንጣ ውስጥ ይሁን።

ክላውዱን (የኢንተርኔት ማከማቻውን) ብዙ ተስፋ አያድርጉበት። በሴኮንድ 2 ሜጋቢት በሚልክ መስመር 32 ጊጋባይት ለመጫን ከ35 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በጣም የሚሳሱላቸውን ሃያ ሠላሳ ፎቶዎች ብቻ ይላኩ፤ ሌላው ሲመለሱ ይደርሳል።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። እኔ ስልኬ ሲሞላብኝ «ክላውድ ላይ አሉ» ብዬ የአንድ ሳምንት ፎቶ ከስልኩ ሰረዝኩ። ሁለቱ የተሳሰሩ ስለነበሩ ከክላውዱም አብረው ጠፉ። ከተሰረዙት ማቆያ ውስጥ ያገኘኋቸው የማቆያው የጊዜ ገደብ ስላላለፈ ብቻ ነው። ቦታ ካነሰዎት የስልኩን ቅጂ ብቻ የሚያስወግደውን ምርጫ ፈልገው ይጠቀሙ።