ከውጭ የሚዘራ ሐሰት በምርጫ ዋዜማ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የውጭ መንግሥታት በሐሰተኛ መረጃ አማካይነት በሌላ አገር ምርጫ እጃቸውን ያስገባሉ ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። ሕዝቡን በቅርብ የማያውቅ ባዕድ የመራጩን ሐሳብ እንዴት ሊያስለውጥ ይችላል? ሳንሱር ካልሆነስ መከላከያው ምንድን ነው?

መልስ፦ የተከበሩ አንባቢያችን፣ የእነዚህ ዘመቻዎች ዓላማ ብዙውን ጊዜ ሐሳብ ማስለወጥ ሳይሆን ነባሩን ቅራኔ ማክረር ነው። በ2016 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መቀመጫውን ሴንት ፒተርስበርግ ያደረገ የሩሲያ ድርጅት በፌስቡክ ሁለት የሐሰት ገጾች ከፍቶ፣ በአንዱ እስልምናን የሚቃወሙ፣ በሌላው ደግሞ ሙስሊሞችን የሚደግፉ አሜሪካውያንን መስሎ፣ ሁለቱንም ወገኖች በአንድ ቀን ሂውስተን ወደሚገኝ እስላማዊ ማዕከል ደጃፍ ለሰልፍ ጠርቷል። በኋላ በአሜሪካ ሴኔት እንደተገለጸው ለዚህ የወጣው ገንዘብ 200 ዶላር ገደማ ነበር። ሰልፈኞቹ እውነተኛ ዜጎች፣ ቁጣቸውም የራሳቸው ነበር፤ ከባዕድ የመጣው ጥሪው ብቻ ነው።

በመከላከሉ በኩል፣ በእኔ እምነት፣ ከሕጉ ብዛት ይልቅ ቀድሞ መዘጋጀት ይበልጣል። በፈረንሳይ በግንቦት 2017፣ ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ቅስቀሳን የሚያግደው ክልከላ ሊጀምር ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት፣ ከማክሮን የምርጫ ቡድን የተሰረቁ ሰነዶች በኢንተርኔት ተለቀቁ። ቡድኑ ጥቃቱን አስቀድሞ ይጠብቅ ስለነበር ከእውነተኞቹ ጋር ሐሰተኛ ሰነዶች መቀላቀላቸውን ክልከላው ከመጀመሩ በፊት አስታወቀ፤ የምርጫ ቁጥጥር ኮሚሽኑም መገናኛ ብዙኃን ይዘቱን እንዳያሰራጩ አሳሰበ። በስሎቫኪያ ግን በመስከረም 2023 ድምፅ ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አንድ የፓርቲ መሪ ምርጫ ስለማጭበርበር ሲመክር የሚያሰማ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተቀነባበረ ቅጂ ተሰራጨ። ዝምታን የሚያዝዘው ያው ዓይነት ሕግ በዚያ ማስተባበያውን ለማዳረስ እንቅፋት ሆነ።

ስለ ሳንሱር ያነሡት ስጋት ተገቢ ነው፤ «የውጭ እጅ» የሚለው ክስ የአገር ውስጥ ተቃዋሚን ዝም ለማሰኘትም ይመቻልና። ስለዚህ ቁጥጥሩ በሐሳቡ ላይ ሳይሆን ማንነትን ደብቆ በተቀናጀ መንገድ በማሰራጨቱ ላይ ቢያተኩር ይሻላል። ፈረንሳይ በ2021 ያቋቋመችው ቪጂኑም የተባለው መሥሪያ ቤት ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ይዘቶችን እየመረመረ የውጭ አካላትን ስውር ዘመቻ ያጋልጣል።

ለእርስዎ ለራስዎ የሚጠቅመው ጥንቃቄ ቀላል ነው። በ2022 የተጋለጠው «ዶፔልጋንገር» የተባለ የሩሲያ ዘመቻ የታወቁ ጋዜጦችን ድረ ገጾች ገጽታ አስመስሎ ይሠራ ነበር፤ ልዩነቱ የሚታየው በአድራሻው ላይ ብቻ ነው። የሚያስቆጣ ዜና ሲደርስዎ የተላከልዎትን ማስፈንጠሪያ ትተው፣ የጋዜጣውን አድራሻ ራስዎ ጽፈው ዜናው በእርግጥ እዚያ መውጣቱን ይመልከቱ።